ነጠላዋን ከአለቃው ኮት የቋጠረችው እንጉዳይ

ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ካለ፣ እንቢ ያለው ማን ነው? እንጉዳይ ይሄን እስከ ዛሬ አልመለሰችውም። እናንተ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ እኔም አፌን ላውሳችሁ።

እንጉዳይ የምትባል ልጅ እግር እናት ነበረች። ልጇ ጌጡ ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ነው የተወለደው፤ የጠባው ወተት በአፍንጫው ይመለሳል። ከሩቅ አገር የመጡ ሐኪሞች ሊሰፉለት መዘገቡት። ሐኪሞቹ ደግሞ እንግዶች ናቸው፤ ሰንብተው ይሄዳሉ። «ቀኑን በኢሜይል ልከንልሻል» አሏት ሆስፒታሉ መስኮት ላይ፤ መስኮቱም ተዘጋ።

እንጉዳይ ፊደል ትቆጥራለች እንጂ ያን ሁሉ ኢሜይል አገላብጣ አታነብም። የማስታወቂያ መዓት ነው። ቀኑ አልፎ ቢሆንስ? ዛሬ ቢሆንስ? የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የጌጡን ቀን ማወቅ።

ስልኳ ውስጥ ሰው ሠራሽ ወኪል አለ፤ ሲጠሩት አቤት የሚል።

«ወኪሌ፣ ከሆስፒታል የመጣውን አንብብልኝ።»

«እኔ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ አልገባም እመቤቴ» አለ ወኪሉ። «ደብዳቤ የሚያወጣልኝ ዘርዛሪው የሚሉት መሣሪያ ነው። እሱ ካልዘረዘረ ምኑን ላንብብ?»

ዘርዛሪው ካልዘረዘረ ወኪሉ አያነብ፤ ወኪሉ ካላነበበ የጌጡ ቀን አይታወቅ።

«ዘርዛሪው፣ ዘርዝር!»

«መመሪያ የለኝማ!» አለ ዘርዛሪው ከወኪሉ ጀርባ። «ስንት ደብዳቤ፣ ከማን፣ ከመቼ ወዲህ ብሎ እንደሚጠይቀኝ ለወኪሉ ማን ጻፈለት? ሳይጠሩት የሚመጣ ውሻ ነው። እኛን የሠራው ኩባንያ መመሪያ ጸሐፊ ሶስና ትጻፍልኝ።»

ሶስና ካልጻፈች ዘርዛሪው አይዘረዝር፤ ዘርዛሪው ካልዘረዘረ ወኪሉ አያነብ፤ ወኪሉ ካላነበበ የጌጡ ቀን አይታወቅ።

እንጉዳይ ጌጡን አዝላ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የኩባንያው መስታወት ቤት ሄደች።

«ውይ እህቴ፣ እኔን!» አለች ሶስና ሕፃኑን አይታ። «ግን የማላውቀውን ብጽፍ ወኪሉ አምኖኝ የሰው ደብዳቤ ቢዘረግፍስ? መሣሪያውን የሠራው ኤልያብ ነው። እሱ ይንገረኝ፣ እጽፋለሁ።»

ኤልያብ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ብቻ አነሳ። «እናት፣ እኔ ሠርቼ ጨርሻለሁ። የሠራሁትን ማስረዳት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ አለቃው ይዘዘኝ።»

አለቃው ካላዘዘ ኤልያብ አይናገር፤ ኤልያብ ካልተናገረ ሶስና አትጽፍ፤ ሶስና ካልጻፈች ዘርዛሪው አይዘረዝር፤ ዘርዛሪው ካልዘረዘረ ወኪሉ አያነብ፤ ወኪሉ ካላነበበ የጌጡ ቀን አይታወቅ።

አለቃው አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ ኮታቸው ያብረቀርቃል።

«አቤቱታ በቃል አንቀበልም፣ የኔ እናት። በኢሜይል ላኪው።»

«እርስዎስ በምን ያዩታል ጌታዬ?»

«ወኪሌ ያነብልኛላ!»

«እስቲ አሁን ያንብብልዎ።»

አቶ ልሳነወርቅ ፈገግ ብለው ስልካቸውን አወጡ። «ዘርዛሪው ካልዘረዘረ ምኑን ላንብብ?» አለ የእሳቸውም ወኪል። ሳል ያዛቸው። «እ... ሰኞ ነይ፤ ሰኞ እናየዋለን» ብለው ብድግ አሉ።

ጌጡ እንጉዳይ ጀርባ ላይ አስመለሰ፤ ሙቀቱ በልብሷ ዘለቀ። ያን ጊዜ አያቷ የሚያወጉት ትዝ አላት፦ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። ቁራኛ ይባላል። ነገሩ ሳያልቅ ቋጠሮው አይፈታም፤ የበጠሰው ተረታ።

የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ ከኮታቸው ጠርዝ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው።

«በሕግ አምላክ! ቁራኛዬ ነዎት።»

«ኧረ ኮቴን! ምን ጉድ ነው ይቺ?»

«ኮትዎን አይደለም፣ እርስዎን ነው የያዝኩት። ይበጥሱትና አገር ይይ!»

ቢሮው ሁሉ ቆሞ ያያል። አቶ ልሳነወርቅ ወደ በሩ ቢሉ እንጉዳይ ተከተለች፤ ወደ ወንበራቸው ቢመለሱ እንጉዳይ ተመለሰች።

«ሽንት ቤት ብሄድስ?»

«በሩ ላይ እቆማለሁ። ነጠላዬ ረጅም ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ቋጠሮውን አዩ፤ ሰዉን አዩ፤ «ኤልያብ!» ብለው ጮኹ።

አለቃው አዘዘ፣ ኤልያብ ተናገረ፤ ኤልያብ ተናገረ፣ ሶስና ለወኪሉ ጻፈች፦ «ይህ መሣሪያ ደብዳቤ ይዘረዝራል እንጂ አይልክም፣ አይሰርዝም። ከማን እንደሆነ ንገረው። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ንገረው። ስንት እንደምትሻ ንገረው። አዲሱ ይቀድማል፤ ላኪውን፣ ርእሱንና የመጣበትን ቀን ያሳይሃል። የባለቤቱን ሳጥን ብቻ አስከፍት።» ሶስና ጻፈች፣ ዘርዛሪው ዘረዘረ፤ ዘርዛሪው ዘረዘረ፣ ወኪሉ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

«ከሆስፒታል። ርእሱ፦ ሕፃን ጌጡ፣ የከንፈርና የላንቃ ቀዶ ሕክምና፣ ከነቀኑ። ቀኑም ነገ ነው፣ ጠዋት።»

«ነገ!» እንጉዳይ አለቀሰች። «ሰኞ ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት!» አቶ ልሳነወርቅ አንገታቸውን ደፉ። እሷም ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታ እየሮጠች ወጣች።

በማግስቱ ጌጡ ተሰፋ። ሲድን ጠባ፤ የጠባውም ወተት ሆዱ ቀረ።

አሁን ደግሞ ጎረቤቷ አበጀሽ መጥታለች። ለልጇ ትምህርት ቤት መልስ መላክ አለባት፤ ደብዳቤ ላኪው መሣሪያ ግን መመሪያ የለኝም ብሏታል። «ነጠላሽን አውሺኝ» ትላለች። እንጉዳይ ለማዋሱ አልሰሰተችም፤ አብሬሽ እሄዳለሁም ብላለች። ችግሩ፣ አቶ ልሳነወርቅ ከዚያን ቀን ወዲህ ኮት መልበስ ትተዋል፤ በሸሚዝ፣ ያውም ሸሚዙን ሱሪያቸው ውስጥ ወትፈው ነው የሚውሉት። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነጠላ ከምኑ ይቋጠራል? የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምከሯት።