የማንአህሎሽ አጋምና የፊታውራሪ እሳት

በደጉ ዘመን ነው ይላሉ፤ ለማን ደግ እንደነበረ ባይታወቅም። ማንአህሎሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብቷ ሦስት ነው፦ ጎጆዋ፣ ጓሮዋ ያለው ትልቅ የአጋም ዛፍና ምላሷ። ጎጆዋ ያፈሳል፤ አጋሙን ወፍ ይሻማታል፤ ምላሷን ግን የደፈረ አልነበረም። ጎረቤቷ ፊታውራሪ ጓንጉል ደግሞ መሬታቸው ታይቶ የማያልቅ፣ እጃቸው ግን የማይዘረጋ ሰው ነበሩ። በሁለቱ መካከል ሆነ ከሚባለው ጥቂቱ ይኸው።

፩

ፊታውራሪ እንግዳ ከሩቅ ሲያዩ የማዕድ ቤቱን እሳት ያስጠፉ ነበር። ጭስ ካልታየ ምሳ አይጠበቅም ብለው ነው። አንድ ቀን ማንአህሎሽ ልትጠይቃቸው ብትመጣ እንደ ልማዳቸው አደረጉ። «ምን ዋጋ አለው፣ እሳት ጠፍቶብን ነው እንጂ ሳትበዪ አትሄጂም ነበር» አሏት እያዘኑ። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ገብስ ስትቆላ ካረፈደችበት ምድጃዋ በገል ፍም ይዛ ተመለሰችና ፊታቸው አስቀመጠችው።

«እሳቱ ይኸው ጌታዬ፤ ሌላም የጠፋ ነገር ካለ ይንገሩኝና እሱንም ልጫር።»

ያን ቀን ሳይወዱ በግድ አበሏት። ፍሙን ግን ወደዱት፤ በነጻ የመጣ ነዋ! ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሲመጣ በአመድ ያስዳፍኑታል እንጂ እንዲጠፋ አልፈቀዱም።

፪

በዓመቱ ፊታውራሪ አጋሙን ከነጓሮው ተመኙና ዋርካው ሥር፣ ዳኛ ቢያድግልኝ ፊት ከሰሷት። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ አጋሙን የዘራችው ወፍ ናት፤ ወፏ ፍሬውን የበላችው ከእኔ ጫካ ነው፤ ስለዚህ ዛፉም የበቀለበት መሬትም የእኔ ነው። ሰዉ ፊታውራሪን ስለሚፈራ ትልቅ ብልሃት እንደሰማ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ማንአህሎሽ ከዚያ ጎጆ ከወጣች የምትገባበት የላትም። እሷ ብትፈራም አፏ ግን አልፈራም።

«ወፏ የጌታዬ ሎሌ ከሆነች፣ አናቴ ላይ ስላራችብኝ ቀን ሁሉ ጌታዬ ይካሱኝ።»

፫

የጉባኤው ሳቅ ፊታውራሪን አንገበገባቸው። ያኔ ሙግት ያለ ውርርድ አይደምቅምና ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው «በጉንዶ ማር ተወራረጂኝ!» አሉ። «ቅዳሜ ደጃዝማችን ግብር ጠርቻለሁ። በዚህ አጋምሽ ለእሳቸው የሚሆን ጣፋጭ ሥሪ። ግን እሳት እንዳይነካው! ከዛሬ ጀምሮ ከቤትሽ ጭስ እንዳላይ! ከጣፈጣቸው ማሩም መሬቱም ያንቺ፤ ካልጣፈጣቸው ጓዝሽን ጠቅልይ።» እሳት ሳይነካው የሚጣፍጥ ነገር በዓለም ያለ አልመሰላቸውም። የተወራረዱበት ማር ራሱ እሳት እንዳልነካው ማን ይንገራቸው?

ፊታውራሪ ያስያዙት ማር ውርርዱ እስኪለይ ዳኛው ቤት እንዲቀመጥ ተባለ። ማንአህሎሽ በነጋታው ማሩን ልትበደር ሄደች፤ ማር ያልገባበት አጋም ደጃዝማችን ፊታቸውን ያስኮማትራቸዋል እንጂ አያስደስታቸውም። ካሸነፈች ማሩ የራሷ ነው፤ ከተሸነፈች በጉልበቷ ሠርታ ትመልሳለች። ዳኛ ቢያድግልኝ ግን ከጓዳ ብቅ ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው እየጠራረጉ «መያዣ ሳልይዝ አልሰጥም» አሉ።

«ጢምዎ ላይ ያለው መያዣ ይሁንዎ ጌታዬ፤ የቀረውን ልውሰድ።»

፬

ዓርብ ሥራዋን ጀመረች። ሥራውስ ቀላል ነው። ጥሬ አጋም ከንፈር ያጣብቃልና ጠቁሮ የበሰለውን ብቻ ለቀመች፤ በእጇ አፍርጣ፣ ዘሩን አውጥታ፣ ከማሩ ጋር ለወሰችው። ከጓዳዋ በሶ አወጣችና በቀዝቃዛ ውሃና በማር አሽታ ገበቴ ላይ ደለደለችው። በላዩ አጋሙን፣ በአጋሙ ላይ ደግሞ በሶውን፣ እንደገና አጋሙን አደረገች። ከዚያ በኮባ ቅጠል ሸፍና እስኪረጋ ጥላ ውስጥ አኖረችው። የፊታውራሪ አሽከሮች ጭስ እናያለን ብለው ጣሪያዋ ላይ እንዳፈጠጡ ዋሉ።

ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባቷ መምሬ ተድላ ጎራ አሉ። ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አዩና «ዛሬ እኮ ጾም ነው፤ ቅቤ እንዳይኖርበት ልቅመሰው» አሉ። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገሙ፤ ሠለሱ። «እስካሁንስ ቅቤ አላገኘሁም» አሉ አፋቸው እንደሞላ።

«ፍለጋው ይብቃዎ አባቴ፤ ቅቤው ሳይገኝ የገበቴው ቂጥ ሊገኝ ነው።»

፭

ቅዳሜ የፊታውራሪ አዳራሽ ሞላ። ደጃዝማች አሉና ያን ዕለት ምድጃው አልተዳፈነም፤ ጭሱ እስከ ወንዙ ማዶ ይታይ ነበር። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጠግብ የማንአህሎሽ ገበቴ ቀረበ። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ በልቧ ጓዟን መጠቅለል ጀምራለች። ደጃዝማች ቆርሰው ቀመሱ። ደግመው ቆረሱና ገበቴውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጎናቸው የተቀመጠው ሰው እጁን ቢሰድ በዓይናቸው መለሱት።

«ጣፍጦኛል» አሉ። «መሬቱ የእሷ ነው።»

ፊታውራሪ ብድግ አሉ። «አልተረታሁም ጌታዬ! በሶ ከተቆላ ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ ያለ እሳት አይቆላም። ይህ ነገር እሳት ነክቶታል! አታላናለች!»

ነገሩ እውነት ነው፤ ማንም ልብ አላለውም ነበር። ደጃዝማች እጃቸውን ከገበቴው አነሱ። «መልስ አለሽ?» አሏት።

ማንአህሎሽ እጅ ነሥታ ወደ ፊታውራሪ ዞረች። «ገብሱን የቆላሁት አምና፣ በገል ፍም ያመጣሁልዎ ዕለት ነው ጌታዬ። ያ ፍም ዛሬም ምድጃዎ ውስጥ አለ ወይስ ጠፋ?»

«እኔ ቤት እሳት አይጠፋም!» አሉ ፊታውራሪ በሰዉ ሁሉ ፊት ደረታቸውን ነፍተው።

«እንግዲያው የአምና እሳት የሚቆጠር ከሆነ ይህ ሁሉ ግብር የበሰለው በእኔ እሳት ነው፤ እንግዶችዎ የበሉትን ይመልሱልኝ።»