ፍሬን የምትገጥመው አህያ

ተረት ተረት፤ የሰማ ለልጁ ያውራ።

ጦርነቱ አልቆ፣ እንስሳት ከታንክ ስብርባሪ መኪና መሥራት በጀመሩበት ዘመን፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዝሆን አርጅቶ ወንበሩን ለቀቀ። ጉረኛው ነብርና ብልጣብልጧ ጦጣ ለወንበሩ ተናነቁ። አንዱ ያዘዘውን ሌላው እየሻረ ፋብሪካው ሊዘጋ ደረሰ። ፍሬን የምትገጥመው ዝምተኛዋ አህያ ውርንጭላዋን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ስለነበር ጭንቅ ያዛት። እንዲህም አለች፦

"አባባ ዝሆን፣ ወንበሩን የሚፈልግ አዲሷን መኪና ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ ይፈትናት።"

ነብር ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለውን ገደል አየና፣ "እኔ አለቃ እንጂ ሾፌር መሰልኩሽ?" አለ።

"እኔማ በነዳሁ፤ ግን ታላቄን አልቀድምም" አለች ጦጣ።

"ለመሆኑ ፍሬኑ ይይዛል?" አለ ዝሆን። ሁለቱም ከመኪናዋ ራቅ አሉ።

"እኔ ነኝ የገጠምኩት" አለች አህያ። ውርንጭላዋን ከጎኗ አስቀምጣ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። መኪናዋ እንደ ንፋስ በርራ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀጥ አለች። ከብየዳ ክፍል እስከ ቀለም ክፍል ፋብሪካው በእልልታ ተናወጠ። ዝሆንም በኩምቢው አቅፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።

"ጋሽ ነብር፣ እትዬ ጦጣ" አለች፣ "ነገ በጠዋት ኑ፤ ፍሬን መግጠም አስተምራችኋለሁ።"

ተረቴን ጨረስኩ፤ ያዳመጠኝ ይባረክ።