የአቶ ማንያዘዋል ውሻና ሦስቱ ሽማግሌዎች

በእኛ አገር ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ሲያጣ የሚስቱን ወጥ እየከፈተ ጨው አነሰው በዛው ማለት ከጀመረ፣ ከተሰበሰበው መሐል አንዱ ተረት ጣል ያደርግና ይሳቃል። ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከየት እንደ መጣ ግን የሚጠይቅ የለም። የጠየቀ ቢገኝም ስለ ውሻ የተነገረ ነው ብለው ይሸኙታል። ሐሰት ነው። የተነገረው ስለ ሰው ነው፤ ሰውየውም የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። እናቴ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአጥሯ ላይ ተንጠልጥላ አይታዋለች፤ ማየትን ከመሰለ ቁም ነገር የሚያስተጓጉላት ሥራ ኖሯት አያውቅም።

አቶ ማንያዘዋል ኮረብታው ላይ ይኖሩ በነበረ ጊዜ አሥራ አንድ ከብትና አንድ ውሻ ነበሯቸው። ውሻው አይበተን ይባላል። ማንም ያስተማረው የለም። ጠዋት በረት ሲከፈት ከብቶቹን ውሃ ያወርዳል፤ ወደ ሰው እህል ዘወር ያለችውን ጊደር ተረከዟን ነከስ አድርጎ ይመልሳል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ሰብስቦ ያስገባል። ይህን ሁሉ ሠርቶም አይተኛም። በረቱ ደጃፍ ቆሞ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ «ሌላስ?» በሚል ዓይን ጌታውን ያያል። አቶ ማንያዘዋልም ጥላ ሥር እንደ ተጋደሙ «በእኔ ቤት ከብት ጠፍቶ አያውቅም» ይላሉ። ባልሠራው ሥራ የሚኮራን ሰው ያህል የሚኮራ የለም።

ኋላ አስፋልቱ መጣና አቶ ማንያዘዋል ከተሜ ለመሆን ቆረጡ። ከብቶቹን አንድም ሳያስቀሩ ሸጡና መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ሠሩ። ግቢዋ አህያ ቢንከባለልባት አጥሩ የሚፈርስ ጠባብ ግቢ ነበረች። ከብቶቹን የገዙት ነጋዴ አስተዋይ ሰው ነበሩና ሊሄዱ ሲሉ «ውሻውንም ይስጡኝ» አሏቸው።

«ውሻ ደግሞ ይሸጣል? እሱ ልጄ ነው!»

«ከብቶቹ ያለ እሱ ይኖሩ ይሆናል። እሱ ግን ያለ ከብቶቹ ምን ሊሠራልዎ ነው?»

«ያርፋላ! ስንት ዓመት ለፍቷል።»

ነጋዴው ከብቶቹን ነድተው ሄዱ። ለአይበተን ግን ዕረፍት የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት ዶሮዎቹን ሰበሰበ። ሰባቱንም ጥግ ላይ አስቁሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠብቃቸዋል፤ አንዷ ጥሬ ልልቀም ብላ እግሯን ብታነሣ ይመልሳታል። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ተዉ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቦኖው ወርዶ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ሰልፍ አስያዛቸው። ቦኖው ከተተከለ ጀምሮ እዚያ ሰልፍ ታይቶ አይታወቅም፤ ለካ የጎደለው ጥርስ ያለው ተቆጣጣሪ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተራው የጌታው ሆነ። ከብት በሚገባበት ሰዓት ጠጅ ቤት ዘው ይልና የአቶ ማንያዘዋልን ተረከዝ ነከስ ያደርጋል። እሳቸውም ብርሌያቸውን ሳይጨርሱ ይነሣሉ።

«ልሄድ ስል እኮ ነው የመጣው» ይላሉ። በየቀኑ ልክ ሊሄዱ ሲሉ ይመጣል። ባለቤታቸው እትዬ አትጠገብ «ሃያ ዓመት ለምኜ ያልተመለሰልኝን ባል ውሻ መለሰልኝ» ብለው ለአይበተን ከወጡ ያካፍሉት ጀመር።

አቶ ማንያዘዋል ግን ውሻውን ለባላገር ስጡት ያላቸውን ሁሉ ተቆጡ። እውነቱን ለመናገር ይወዱት ነበር። እሱም ይወዳቸዋል፤ ችግሩ ፍቅሩን የሚገልጸው በጥርሱ መሆኑ ላይ ነው።

በዚህ መሐል የልጃቸው የእንጉዳይ ነገር መጣ። እንጉዳይና ጤና ረዳቱ ሙሉሰው ተዋድደዋል። ሙሉሰው ደግሞ ወደ ሩቅ ቆላ ተዛውሮ ሰኞ ማለዳ ይሄዳል። እሑድ ቃል ካልታሰረ አባቱ እዚያው ቆላ ካለ ዘመድ ቤት ሌላ ሊያጩለት አሰፍስፈዋል። ይህን አገር ያውቃል፤ አቶ ማንያዘዋልም ያውቃሉ። ነገር ግን የጎረቤታቸው ልጅ የተሰጠችው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ነበርና የእሳቸዋ በሦስት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ።

«ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ካልተመላለሰ ልጁን ዳረ አይባልም፤ ጣለ ነው የሚባለው።»

«ልጁ እኮ ሰኞ ሂያጅ ነው!» አሏቸው እትዬ አትጠገብ። «ልትድር የተነሣኸው ልጅህን ነው ወይስ ክብርህን?»

«ከወደዳት ይጠብቃል።»

እንጉዳይ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እናቴ ሌላውን ሁሉ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋን ታቆማለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ቄስ ምህረቴ፣ የሙሉሰው አጎት አቶ ፈንቴ፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱት አያ ጠብቀው። እንደ ደንቡ ግቢው ውስጥ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ማንያዘዋል።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። «ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል።»

አቶ ማንያዘዋል ጋቢያቸውን አጣፍተው ሳምንት ሙሉ ሲያጠኑት የሰነበቱትን ንግግር አወረዱት። ዘመድ መማከር አለበት፤ ዘር መቆጠር አለበት፤ ነገር በችኮላ አይሆንም። «የዛሬ ሦስት ሳምንት ተመለሱ» ብለው ደመደሙ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምን ይደረግ፣ ደንብ ነው፤ እጅ ነሥተው ወደ በሩ አዘገሙ።

አይበተን ከተኛበት ዓይኑን ገለጠ። በጠራራ ፀሐይ ሦስት ፍጡር ከግቢ እየወጣ ነው፤ አንዱ ደግሞ ያነክሳል! ከብቶቹ ከተሸጡ ወዲህ የናፈቀው ሥራ በእግሩ መጣለት። ቀድሟቸው በሩ ላይ ደረሰ። የአቶ ፈንቴን ተረከዝ ነከስ፣ የቄሱን ቀሚስ ጎተት አድርጎ ሦስቱንም ቆመውበት ወደ ነበረው ቦታ መለሳቸው።

«አይነክስም፣ አይዟችሁ አይነክስም» አሉ አቶ ማንያዘዋል፣ ባለ ውሻ ሁሉ እንደሚለው።

«ታዲያ ይሄ ተረከዜ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ አቶ ፈንቴ።

ውሻውን ተቆጥተው እንደገና ሸኟቸው። ሽማግሌዎቹ በዚህኛው ዙር ዘዴ ፈጠሩ፤ መንገዱ ላይ ሲደርሱ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ገበያው ተበታተኑ። ለአይበተን ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ተረከዝ ተረከዛቸውን እየነከሰ አንድ በአንድ ለቅሞ መለሳቸው። ቄሱ በእርጋታ ተነዱ፤ አቶ ፈንቴ ሊያመልጡ ሮጡ፤ የሮጡት ግን ወደ ግቢው ነበር። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደረደረ።

አቶ ማንያዘዋል አፈሩ። «ቆይ፣ በሩን እኔው ይዤ አስወጣችኋለሁ» ብለው መራመድ ሲጀምሩ አይበተን አያቸው። አራተኛውም ሊያመልጥ ነው! ተረከዛቸውን ነከስ አድርጎ እየገፋ ከሽማግሌዎቹ መሐል ቀላቀላቸው። አራት የተከበሩ ሰዎች በዶሮዎቹ ጥግ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆሙ። አይበተን ምላሱን አውጥቶ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለ።

እትዬ አትጠገብ ከቤት ብቅ አሉ። ከኋላቸው ዓይኗ ያበጠ እንጉዳይ ቆማለች። አራቱን ከላይ እስከ ታች አዩና «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ።

አያ ጠብቀው ጊዜ አላጠፉም። «እመቤት፣ ጠዋት በእግራችን መጣን፤ አንድ። ከዚያ ውሻችሁ ሁለት ጊዜ አመጣን፤ ሦስት ሞላ። አሁን ደግሞ ባልሽም ከእኛ ወገን ቆሟል። አራት ሆነን ልጅሽን ለልጃችን እንለምንሻለን።»

«እኔ እኮ የልጅቷ አባት ነኝ!» ብለው አቶ ማንያዘዋል አንድ እርምጃ ወጡ። አይበተን ጆሮውን አቆመ። ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«እኔ ሰጥቻለሁ» አሉ እትዬ አትጠገብ። «ከቆማችሁት መሐል እምቢ የሚል አለ?»

አቶ ማንያዘዋል አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ዓይናቸው እንጉዳይ ላይ ወደቀ። አልለመነችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ አባቷን ብቻ ታያለች። ሰውየው ጉረኛ ይሁኑ እንጂ ክፉ አልነበሩም።

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሰጥቻለሁ። ይባርካችሁ።»

እልልታው ቦኖው ድረስ ተሰማ። እንጉዳይ ሮጣ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አይበተንም ሁሉም በአንድ ቦታ መኖራቸውን ቆጥሮ ሲያበቃ ተጋደመ።

ጠላው ሲቀዳ አቶ ማንያዘዋል እንደገና ጋቢያቸውን አጣፉ። አጥር ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዞሮ ዞሮ ሦስት ጊዜ አመላልሻችኋለሁ፤ ውሻውንም ያዘዝኩት እኔው ነኝ» አሉ።

አያ ጠብቀው የተነከሰ ተረከዛቸውን እያሻሹ ቀና አሉ። «ተው ማንያዘዋል፣ አገር ያየውን አትካድ፤ ከብት ያጣ ውሻ ጌታውን ይነዳል።»