የትኛው ሀ?

ተረት ተረት ስላችሁ «የሐኪም ቤት!» በሉኝማ። እንዲያ ነው!

ጋሽ ዘርጋው እግራቸው ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ነገ ደግሞ የልጃቸው ሰርግ ነው። «ቆሜ ካልመረቅኳት ምኑን አባት ሆንኩት! ምርኩዝ አምጡልኝ!» አሉ። ቀላል ነገር ነው አይደል? ቆዩ ብቻ!

ባለቤታቸው እትዬ ትርንጎ የምርኩዙን ማዘዣ ወረቀት ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ዕቃ ግምጃ ቤት በረሩ። ግምጃ ቤቱ «ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አላውቅም፤ አልሰጥም» አለ። አለ እንዴ? አለ!

ወደ ማኅተሙ ሮጡ። «ማኅተም ሆይ፣ እረፍ! ግምጃ ቤት አልሰጥ አለ፣ ጋሽ ዘርጋው መቆም አቃታቸው፣ ሰርጉ ደረሰ!» ማኅተሙ «ኮምፒውተሩ እሺ ካላለ አላርፍም» አለ።

ወደ ኮምፒውተሩ ሮጡ። «ኮምፒውተር ሆይ፣ እሺ በል! ማኅተም አላርፍ አለ፣ ግምጃ ቤት አልሰጥ አለ፣ ጋሽ ዘርጋው መቆም አቃታቸው፣ ሰርጉ ደረሰ!» ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዋ ምንታምር አነበበችና አፏን ያዘች።

«እናቴ፣ በጤና መድን ሰው በስሙ፣ ዕቃ በኮዱ ነው የሚጠራው። የእርስዎ ወረቀት ሀ ሰባት ይላል። ሀ ሰባት የማዋለጃ አልጋ ነው። ባለቤትዎ... ወልደዋል እንዴ?»

«በስመ አብ! በስልሳ ዓመታቸው?»

ወደ ዶክተር ይልቃል ሮጡ። «ዶክተር፣ ኮዱን ያቃኑልኝ! ኮዱ ባሌን አራስ አደረጋቸው፣ ኮምፒውተር እሺ አልል አለ፣ ማኅተም አላርፍ አለ፣ ግምጃ ቤት አልሰጥ አለ፣ ጋሽ ዘርጋው መቆም አቃታቸው፣ ሰርጉ ደረሰ!»

ዶክተሩ «እኔ ለምንታምር በስልክ የነገርኳት የምርኩዙን ኮድ ነው፤ ሐ ሰባት! ምኑን ላቃና?» አሉ። ምንታምር ከወዲያ «እኔስ ሀ አይደል የጻፍኩት!» አለች።

«ሐ ነው ያልኩሽ!»

«እኮ፣ ሀ!»

«ሐ!»

ኮሪደሩ ሁሉ ሀ ሀ ሀ አለ፤ የሚስቅ ግን አልነበረም። እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን ታጥቀው መሀል ገቡ። «ዝም በሉ! የትኛው ሀ ነው? ሃሌታው ነው ሐመሩ?»



«ሐ... ሐመሩ!» አሉ ዶክተሩ።

በቃ! ዶክተሩ ሐመሩ አሉ፣ ኮዱ ተቃና፣ ኮምፒውተሩ እሺ አለ፣ ማኅተሙ አረፈ፣ ግምጃ ቤቱ ሰጠ፣ ምርኩዙ ወጣ፣ ጋሽ ዘርጋው ቆሙ! እልል በሉ እንጂ!

በማግስቱ ሙሽሮቹ ፊት ቆመው፣ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ «ውለዱ ክበዱ!» ብለው መረቁ።

እትዬ ትርንጎ ከጎናቸው ሆነው «አሜን በሉ ልጆቼ፤ እሳቸው ወልደው አይተውታል!» አሉ።

ተረቴን መልሱ፤ ሐመሩን ሐ እንዳትረሱ!