የወለላ ደረጃ

ከላይብረሪው ጀርባ ወደ ወንዶች ዶርም የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ዛሬ «የወለላ ደረጃ» ይባላል። «ካፊያ» በተሰኘው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ግጥም ወይም ልብ ወለድ ማውጣት የፈለገ ሁሉ፣ የራሱን ከመስጠቱ በፊት እዚያ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ጽሑፍ ያነባል፣ ያሰበውንም ለጸሐፊው ፊት ለፊት ይነግረዋል። ይህን ያዘዘ ደንብ የለም። በግቢው የቆዩ ሰዎች ግን ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው ይላሉ።

ወለላ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነበረች። የመጽሔቱ አዘጋጅ የሆነችው፣ እንደሚነገረው፣ አዘጋጅ ሲመረጥ ሌላው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እሷ ዘግይታ ገብታ ቀና ብላ በመገኘቷ ነው። ለመጽሔቱ ሥራ ምዝገባ በተደረገበት ቀን በጎ ፈቃደኛው አዳራሹን ሞልቶት ነበር፤ ሥራው ሲመጣ ግን አንዱ ፈተና አለብኝ አለ፣ አንዷ ራሷን አመማት፣ ሌላው ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ጽሑፍ የሚያመጣው ብቻ አልቀነሰም። ካፌ ተሰልፋ ግጥም ይሰጧታል፣ ልብስ ስታሰጣ ግጥም ይሰጧታል። ጭራሽ የመጽሔቱ ክፍል ለመረብ ኳስ ቡድን ተሰጠባትና የጽሑፉን ክምር በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ደረጃው ላይ እየተቀመጠች መሥራት ጀመረች። መጽሔቱ ከምረቃ በፊት ካልወጣ እንደሚዘጋም ቁርጡ ተነግሯት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጣ ስታርም፣ በግቢው ስሙ የገነነው ገጣሚ ጎሹ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

«ግጥሜ የማይወጣው ለምንድን ነው?»

«ጎሹ፣ አሥራ ሁለት ገጽ እኮ ነው!»

«ታዲያ የቱ ይቀነሳል?»

ወለላ አፏን ሳትከፍት ዘቢደር የምትባል ዝምተኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከኋላው ብቅ አለች።

«እህቴ፣ ጽሑፌን ልውሰደው። ዓመት አለፈው። ማንም አላነበበውም አይደል?»

«ኮሚቴው እያየው ነው» የሚለው ውሸት ወለላ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር ይባላል። ኮሚቴ የሚባል ነገር አልነበረም።

«አልተነበበም» አለች፤ ያን ጊዜ የከረመው ምሬቷ ገነፈለ። «ሁላችሁም ጸሐፊ! የሚያነብ ከሰማይ ይውረድልኝ?» የዘቢደርን ጽሑፍ ከከረጢቱ ፈልጋ አወጣችና ጎሹ እጅ ላይ ጣለችው። «ይህን ሳታነብ ያንተን አልነካም። ጸሐፊዋም ይቻት፤ ያሰብኸውን ለራሷ ንገራት።»

ጎሹ እያጉረመረመ ተቀመጠ። ታሪኩ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ስለወሰደው የዘቢደር ወንድም ነበር። ሲጨርስ አንዱን ገጽ መልሶ ገለጠ።

«ጫማውን አውልቆ ገባ ብለሻል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጫማውን ማን አነሳው?»

«እናቴ። እሱን መጻፍ ከብዶኝ ነው።»

«እሱን ጻፊው።»

ዘቢደር ዓይኗን ጠረገችና ጽሑፏን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ወለላም ጊዜ አልሰጠቻትም፤ የጎሹን አሥራ ሁለት ገጽ አቀበለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሑፍ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ ከከረጢቱ የሌላ ሰው እያወጣች አስቀድማ ታስነብበው ጀመር።

መጽሔቱ ቀጭን ሆኖ፣ ግን ከምረቃው በፊት ወጣ። የእናትየው ነገር በታሪኩ መጨረሻ ገብቶ ነበር፤ የጎሹም ግጥም አንድ ገጽ ብቻ ሆኖ ታተመ። በዚህ አኩርፎ ከረመ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ከዚያ ወዲህ ለዘቢደር ሳያሳይ ያሳተመው ነገር የለም የሚሉም አሉ።

ዛሬ በክረምት ሳይቀር ደረጃው ላይ በየጃንጥላው ሥር ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ወደ ዶርም የሚሮጠው ተማሪ መተላለፊያ አጥቶ፣ ዝናቡ እየወረደበት «ኧረ መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ይጮኻል። ከጃንጥላው ሥር «ቆይ፣ ልጨርሳት» የሚል ድምፅ ይመልስለታል።