የላይ ጫካ አውጫጭኝ

ተረት ተረት ልል ነው፤ እግዜር በጎ ጆሮ ይስጣችሁ።

የላይ ጫካ እንስሳት ከታች ጫካ እንስሳት ጋር ሦስት ጊዜ ቅርጫት ኳስ ገጥመው ሦስቱንም ተሸነፉ። አሰልጣኛቸው ኤሊ ነበር። አራተኛውንም ከተሸነፉ ሁለቱም የሚጠጡበት የውሃ ምንጭ የታች ጫካ ይሁን ተብሎ ተማምለዋል። ስለዚህ በአራተኛው ጨዋታ ቀን ማለዳ፣ የሽንፈቱን ጥፋተኛ ለማውጣት አውጫጭኝ ተቀመጡ። ሽማግሌው አባ ጉሬዛ ጸሎት አድርሶ፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ንቅንቅ እንዳይል አዘዘ።

"ጥፋቱ የአያ ኤሊ ነው" አለች ጦጣ። "ሁልጊዜ ቀስ በሉ ይለናል። እኛ ቀስ ስንል እነሱ አግብተው ይጨርሳሉ።"

"ቀስ በሉ ያልኩት አይታችሁ አቀብሉ ብዬ ነው፣ እመት ጦጣ" አለ ኤሊ። "አንቺ ኳሷን እንደ ሙዝ ታቅፈሽ ዛፍ ላይ ትወጫለሽ።"

አባ ጉሬዛ ጦጣን ሲሰማ ጦጣ ልክ ናት፤ ኤሊን ሲሰማ ደግሞ ኤሊ ልክ ነው። ግራ ገባውና ራሱን አከከ። "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ" አለ።

ነገሩ ሲዞር ዋለ። ከሜዳው ፊሽካ ተሰማ። ጥንቸል ብድግ ስትል፣ "ተቀመጪ፤ ቀድሞ የተነሳ እሱ ነው ጥፋተኛው" አሏት። ተቀመጠች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሁሉም አፍ ደረቀ። አባ ጉሬዛ ጥንቸልን ውሃ ቅጂ ብሎ ላካት። ባዶ ቅል ይዛ ተመለሰች።

"የታች ጫካዎች ባዶ ሜዳ ላይ አግብተው አሸንፈዋል። ምንጩንም አጥረውታል" አለች።

አባ ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ይሄኛውስ የማን ጥፋት ነው?" አለ። እነሱም ጠጋ ጠጋ ብለው እንደገና ተቀመጡ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርና አፌን በውሃ አብሱልኝ።