ገላጋይና ግመሬው

ወሎ ውስጥ ከገደል ሥር የሚኖሩ ሰዎች፣ ለዱር አውሬ እፍኝ እህል የሚወረውር እንግዳ ሲያዩ እርስ በርስ ተያይተው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። እንግዳው «ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው!» ቢል አይፈረድበትም፤ የገላጋይን ነገር አልሰማማ!

ገላጋይ እንደ ስሙ አስታራቂ ነበር። ደም የተቃቡትን ሳይቀር አስታርቆ ያጎራረሰ ሰው ነው። ዝንጀሮን ግን ማን ያስታርቀዋል? ማሽላው ሊደርስ ሲል መንጋው ከገደሉ እየወረደ አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ከማማው ላይ ወንጭፍ እያስጮኸ «ሃይ! ሃይ!» ሲል ውሎ ድምፁ ተዘጋ። ሚስቱ ስንዱ ቀድሞ ከደረሰው መርጣ፣ ለከርሞ ዘር የሚሆኑትን የማሽላ ራሶች ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅላለች። ካቻምና ዘር አጥተው ማሳቸው ጦም አድሮ ስለነበር፣ እነዚያን ራሶች እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያቸው።

ገላጋይ ደግሞ ነገር መመርመር ይወዳል። ግመሬው፣ ማለትም የመንጋው አውራ፣ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትኩር ብሎ ያየዋል። «ይኼስ ነገር የሚገባው ነው» አለ በልቡ።

«ስንዱ፣ ንፍሮ ቀቅይልኝ። ከግመሬው ጋር ልታረቅ ነው።»

«ኧረ ጉድ! ዋስ ማንን ሊጠራ ነው?»

«አትሳቂ። እህሌን ቀምሶ የከዳኝ የለም።»

«ሰው ነዋ የቀመሰው!»

አልሰማትም። ንፍሮውን በማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ራቅ አለ። ግመሬው ወረደ፣ በላ፣ ተመለሰ፤ መንጋውም ተከትሎት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ገላጋይ አልራቀም። በሳምንቱ ግመሬው ጥቁር መዳፉን ዘርግቶ ከእጁ ተቀበለው! ገላጋይ ደስታው ወሰን አጣ። ወንጭፉን ጠቅልሎ አስቀመጠ።

የጎረቤት ማማ ላይ ያሉት ሽማግሌ አያ ይመር ጮክ ብለው ጠየቁት። «ገላጋይ፣ ወንጭፍህ ዝም አለሳ! ታመምክ እንዴ?»

«ታርቀን ነው፣ አያ ይመር! እርስዎም ይሞክሩት!»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ቀን ገላጋይ ለዕርቅ ወደ ማዶ መንደር በማለዳ ተጠራ። ሲቸኩል ንፍሮውን ረሳው። ስንዱም ወፍጮ ወርዳለች። ቀትር ላይ ሲመለስ የመቃው በር ተገንጥሎ ወድቋል። ከጓዳ የእንስራ መሰበር ተሰማው፤ ሮጦ ገባ።

ግመሬው ዱቄት ላይ ተቀምጧል። ከምድጃው በላይ አንድ ራስ እንኳ አልቀረም፤ የመጨረሻውን እያላመጠ ነው።

«ሃይ! ውጣ!» አለ ገላጋይ።

ግመሬው ንቅንቅ አላለም። መዳፉን ዘረጋለት። ገላጋይ ባዶ እጁን አሳየው። ያን ጊዜ ያ አውሬ ጥርሱን አገጠጠና ዘሎ ነጠላውን ቦጨቀው። ገላጋይ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ፣ ኡኡ እያለ ወጣ።

ጎረቤት በዱላና በወንጭፍ ተሰብስቦ ግመሬውን በስንት መከራ አባረረው። ስንዱ ከወፍጮ ስትደርስ ባሏ ጓዳ ውስጥ ተንበርክኮ ከዱቄቱ መሃል ፍሬ ይለቅማል። እንባው ይወርዳል። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ትለቅም ጀመር። ለመዝሪያ ቀርቶ ለአንድ ጭብጥ የሚሆን አልተገኘም።

«እህሌን በልቶ ከዳኝ፣ አያ ይመር!» አለ ገላጋይ፣ ተከትለው ገብተው አጠገቡ ወደቆሙት ሽማግሌ ቀና ብሎ።

«የት ከዳህ? ቁርሱ ቢቀርበት ቤትህ ድረስ መጥቶ ጠየቀህ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው። «ከደጃችን የሚያርቀው ፍርሃቱ ነበር፤ እሱን አንተ በንፍሮ አስጣልከው። ዘሩንስ ከየቤታችን አዋጥተን እንሰጥሃለን፤ ነገ ግን ወንጭፍህን ይዘህ ማማህ ላይ ውጣ።»

ከዚያ በሩ ላይ ወደተኮለኮለው መንደርተኛ ዞር ብለው፣ «እናንተም ስሙ፣ ለልጆቻችሁም ንገሩ፦ ዝንጀሮ ያጎረሰ፣ በጓዳው አለቀሰ» አሉ።